ክፍት ቦታ የበዛበት ሁሉ ጥሩ ነው?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ፖሊስ መሆን የሚፈልግ ሰው ክፍት ቦታ ወደሚበዛበት ትልቅ ከተማ ይሂድ ይላል። እኔ አልስማማም። ቦታው የሚበዛው አንዳንዴ ሠራተኛው ስለሚለቅ ነው። የቤት ኪራዩ ደመወዙን ሙልጭ ሲያደርገው ማን ይቆያል? እንግሊዝና ዌልስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተጨማሪ 20,000 ፖሊስ ለመቅጠር ዘመቻ ተጀመረ። በ2023 አጠቃላይ ግቡ ተሳካ፤ የለንደን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ግን የራሱን ድርሻ ሳይሞላ ቀረ። ትንሽ ጣቢያ ላይ ደግሞ ችግሩ የማዕረግ እድገት ነው። አለቃ ጡረታ እስኪወጣ መጠበቅ ነው (እሱም ቶሎ አይወጣም!)። የወንጀል ምርመራ ወይም የፎረንሲክ (ማስረጃን በሳይንስ የሚመረምር) ክፍል ላይኖርም ይችላል። ለማንኛውም፣ እናንተ አመልካቾች፣ ስንት ቦታ አለ ብቻ ሳይሆን ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ለቀቀ፣ ወደ ሌላ አካባቢ ዝውውርስ ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።