የበርጫ ኑዛዜ

ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚናዘዘውን ሰው የየትኛውም ፍርድ ቤት መዝገብ አይችለውም። የአወዳዩ ጫት ደርሶ፣ ፍራሹ ተነጥፎ፣ ሁለተኛው ፔርሙስ ሲከፈት፣ ከድሮዎቹ የከዚራ ሰፈር ሙዚቀኞች አንዱ ትራሱን ያደላድልና «እኔ ስሞት ያቺ ሳክስፎን ለባንዱ ትሰጥልኝ!» ይላል። «አቦ፣ አንተ እኮ ሰው ነህ!» ይባላል። ምርቃት ይዘንባል። ሳክስፎኗ ቁም ሳጥን ላይ፣ አቧራዋን ለብሳ፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ አትሰማም። በሳምንቱ ያው ሰው፣ ያው ትራስ፣ ያው ኑዛዜ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት ከተረቶች ሁሉ ይጣፍጠኛል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የተረተው ይመስላል። በርጫው ላይም የማያውቀው የለም። ችግሩ ተረቱን ራሱን በቃል ስለያዙት ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተረሳም፣ ስለዚህ እስክሪብቶ የሚገዛ ጠፋ።

ሕጉ በቃል መናዘዝን ጨርሶ አልከለከለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞቱ የተቃረበ የመሰለው ሰው ለሁለት ምስክር የሚናገረውን የቃል ኑዛዜ ይቀበላል፤ በርጫ ላይ ደግሞ ምስክር ሞልቷል። ግን በቃል የሚሰጠው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም፤ ተናዛዡም ከተናዘዘ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ኑዛዜው ይወድቃል። 500 ብር ያኔ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የሳክስፎኗን ማንገቻ እንኳ ማን በዚህ ይሸጣል?

በገዛ እጅ መጻፍም ይቻላል፤ ምስክር አያስፈልገውም። ሙሉውን በራስ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ ቀን ማስፈር፣ ገጽ በገጽ መፈረም ነው። እዚህ ላይ ነው ሰዉ የሚሳሳተው፦ ፍርድ ቤት በር ላይ ኮምፒውተር ዘርግቶ ለተቀመጠው ጸሐፊ አስተይቦ፣ ከታች ፈርሞ፣ «በእጄ የጻፍኩት» ይላል። በሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ መነበቡና ቀኑ እዚያው ተጠቅሶ፣ ሁሉም ወዲያው መፈረም አለባቸው። በእጅ የተጻፈው ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። ፍራሽ ሥር አስቀምጦ ማርጀት አያዋጣም።

ደግሞም የማን ሳክስፎን? በትዳር ውስጥ በጋራ ገንዘብ የተገዛች ከሆነ ሰውየው መናዘዝ የሚችለው ድርሻውን ብቻ ነው። ግማሽ ሳክስፎን። ባንዱ አፉን ወስዶ ባለቤቲቱ ደወሉን ሊያስቀሩ ነው። በሸሪዓ የሚሄድም ከሢሶው በላይ አይናዘዝም። ሲከፈልም ቅደም ተከተል አለ፦ የቀብር ወጪ፣ የማጣራት ወጪ፣ ዕዳ፣ ቀለብ፤ ባንዱ መጨረሻ ላይ ተሰልፎ የተረፈውን ይጠብቃል።

«ለባንዱ» ማለትስ ምን ማለት ነው? የትኛው ባንድ? አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ «ባንድ» ተብለው ሠርግ በሚያሞቁበት ከተማ! ከበሮው ከኪቦርዱ፣ መለከቱ ከኪቦርዱ፣ ጭብጨባውም ከዚያው ይወጣል፤ ከዚያ ፖስተር ላይ «ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር» ተብሎ ይለጠፋል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ነውር ነው። ሦስት መለከት አንድ ላይ ሲነፋ ደረት ላይ የሚያርፈውን ነገር የማያውቅ ትውልድ ያደገው በዚህ ፖስተር ነው። በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የነሐስ ባንድ ሆኑ። ያኔ ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር በኛው በድሬዳዋ ነው የሚያልፈው። ከእናት ከአባት ምንም ያልወረሱ ልጆች ለአገር ሙዚቃ አወረሱ፤ ባለ ቁም ሳጥኑ አንድ ሳክስፎን ማውረስ አቃተው!

ወደ ጉዳዩ። ባንድ ማለት ቅዳሜ ተገናኝቶ እሑድ የሚጣላ አምስት ሰው ከሆነ፣ ስጦታው የሚደርሰው ቀድሞ ቁልፉን ለያዘው ነው። የተመዘገበ ማኅበር ይፈለግ፤ ስሙ እንደ ምዝገባ ወረቀቱ ይጻፍ፤ ከፈረሰ በምትኩ ማን እንደሚወስድ ይጨመር። ሳክስፎኗም በስሟ ትጠራ፦ አልቶ ናት ቴነር፣ ሠሪዋ ማን ነው፣ ከጀርባዋ ከአውራ ጣት ማንጠልጠያው በታች የተቀረጸው ቁጥር ስንት ነው። ገንዘብ የሚናዘዝም «አሥር ሺህ ብር» ብሎ ባይቆርጥ ይሻለዋል፤ ብሩ ከሱ በፊት ይሞታል። «ከሀብቴ ይህን ያህል እጅ» ይበል።

ዕቃው ሲደርስ በሕይወት መኖሩ ደግሞ ሌላ ነው። ሰዉ ያልተነካ ዕቃ የማይበላሽ ይመስለዋል። ሳክስፎን ከሃያ በላይ ፓድ፣ ማለትም ቀዳዳዎቿን የሚደፍኑ ትንንሽ ትራሶች፣ አላት፤ ከውጭ ቆዳ፣ ከውስጥ ፈልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ)። በድሬ ደረቅ ሙቀት ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ፈልቱን ብል ይበላዋል፤ የአንገቷ ቡሽ ይፈረፈራል፤ ስፕሪንጉ ይዝጋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ አምፖል ወደ ሆዷ አስገብቶ ቁልፎቹን በቀስታ መዝጋት። ብርሃን ካፈተለከ አየርም ያፈተልካል፣ የታችኛው ድምፅ አይወጣም። አኮርዲዮን ከሆነማ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ግድያ ነው፤ ድምፅ የሚያወጡት ምላሶቹ የተያዙት በሰም ነው፣ ሰሙ ሲለሰልስ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። የሚናዘዝ ሰው የጥገናውንም ይናዘዝ፤ አለዚያ ለባንዱ ያወረሰው የጥገና ዕዳ ነው።

ትራሱ ላይ ያለውን ሰውዬ ረሳነው። እንዲያውም ሕግ አዋቂ ሳይሆን አይቀርም፤ የቃል ኑዛዜ በሦስት ወር ስለሚወድቅ በየሳምንቱ እያደሰው ነው። ማታ ምርቃናው በመጠጥ ሲሰበር፣ ጨብሲ ላይ ግን፣ ሁለተኛው ቢራ ሳያልቅ፣ «ሳክስፎኔንማ፣ ወላሂ፣ ማንም አይነካትም!» ይላል። ለዚህም ምስክሩ ያው የቀኑ ሰው ነው።