ብይን የገደለው ስልክ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሰፈራችን ውስጥ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አጀንዳው ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው ሜዳ ናት። ሱቅና የመኪና ማቆሚያ ሊሠራባት ነው። አንዲት እናት ተነስተው «ልጆቹስ የት ይጫወቱ?» ብለው ጠየቁ። ከመድረኩ የመጣው መልስ በአጭሩ ይኼ ነው፦ የዛሬ ልጅ ስልክ አለው፣ ሜዳ አይፈልግም። እናንተ የቆርኪና የብይ ዘመን ናፍቋችሁ እንጂ ለልጆቹ አስባችሁ አይደለም። የናፈቃችሁት ድህነታችሁን ነው።

አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰው ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል። እዚያው ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አሁን ልናገር።

ከሁሉም የሳሳችው «ድህነታችሁን ነው የናፈቃችሁት» የምትለዋ ናት። ከሷ እንጀምር። ጤነኛ የሆነ ሰው ድህነት አይናፍቀውም። እኔ ጎህ ሳይቀድ በጀሪካን ውሃ እየቀዳሁ ያደግሁ ነኝ። ወረፋ ላይ ተጋፍተን፣ ተደባድበን፣ ጀሪካኑ የተቀደደ ቀን ቤት ውስጥ ለቅሶ ነበር። እሱ ይመለስ አልልም። ክረምቱን በተቀደደ ጫማ መግፋትም ይመለስ አልልም። በኩፍኝ የሞተችውን የጎረቤታችንን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ያ ዘመን ይመለስ የሚል ሰው ካለ እኔም አብሬ እጣላዋለሁ። የሚናፍቀኝ ከትምህርት ቤት መጥቼ ደብተሬን አልጋ ላይ ወርውሬ ስወጣ ውጭ የሚጠብቀኝ የልጅ መንጋ ነው። እሱ ደግሞ ብር አይጠይቅም ነበር። ቦታ ነበር የሚጠይቀው።

ደግሞስ ወሎ ላይ ቁጭ ብሎ ናፍቆትን እንደ ነውር መቁጠር ምን ይባላል? ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ትዝታ ነው። ከሌሎቹ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ደግሞ የዚሁ የወሎ ምድር ስሞች ናቸው። ይህ አገር ናፍቆቱን በማሲንቆ የሚናገር አገር ነው። ያለፈን መውደድ ኋላ ቀርነት ከሆነ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ለምን እንጠብቃለን? እንግዳ ሲመጣ ለምን ወስደን እናሳያለን? ለንጉሥ አዳራሽ ሲሆን ቅርስ ተባለ፣ ለልጅ ሜዳ ሲሆን ድህነት ተባለ። ይህን መስፈሪያ ማን እንዳወጣው ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ።

የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር እናቴ ቤት ከአልጋ ሥር አንድ የቆየ የወተት ጣሳ አግኝቶ ከፈተው። ውስጡ 23 ብይ አለ። የኔ ናቸው። አንዷ ሆዷ ውስጥ አረንጓዴና ቢጫ እንደ ቅጠል ተጠማዞባታል፣ ጎኗ ትንሽ ተፈንክቷል። ይህቺን ብይ በስድስት ከረሜላ ነበር የለወጥኳት። ልጁ ወደ መስኮቱ አንስቶ በአንድ ዓይኑ አየባት። ረጅም ጊዜ አየባት። «አጎቴ፣ ይኼ ምን ይሠራል?» አለኝ። «ና ላሳይህ» ብዬው ወጣን።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ብይ ጉድጓድ ይፈልጋል። ጉድጓዱን ለመሥራት ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ተረከዝህን አፈር ላይ ተክለህ አንዴ ትሽከረከራለህ፣ አፈሩን በመዳፍህ ትጠርጋለህ፣ አለቀ። ደጃፋችን ላይ ቆሜ ተረከዜን ተከልኩ። ከሥሬ ድንጋይ ነው። ከበራችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ኮብልስቶን ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አንዲት መዳፍ የምታህል አፈር የለችም። እንዲያው ያለ ጉድጓድ እንጫወት ብዬ አንዷን አስወነጨፍኩለት። ከድንጋይ ድንጋይ ነጠረች፣ ተዳፋቱን ያዘች፣ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባች። ልጁ ሮጦ ጎንበስ ብሎ አየ። የለችም። «ጨዋታው አለቀ?» አለኝ። ወደ ቤት ገባን። እሱም የእናቱን ስልክ አነሳ።

እንግዲህ ፍረዱ። ይህ ልጅ ብይን ጠልቶ ነው ወደ ስልኩ የሄደው? ብይን የገደለው ስልክ አይደለም፣ ኮብልስቶን ነው። ስልኩ የመጣው ሬሳው ከወጣ በኋላ ነው። ልጆቹ ጨዋታውን አልተዉትም፤ እኛ ነን መሬቱን ከሥራቸው የጎተትነው። ጎትተን ስናበቃ ደግሞ «አይፈልጉትም» አልን!

ሌሎቹንም ጨዋታዎች አንድ በአንድ አስቧቸው። ሰኞ ማክሰኞ በእንጨት ጫፍ አፈር ላይ ይሰመራል፤ ድንጋይ ንጣፍ ላይ መስመሩ አይወጣም፣ በአንድ እግር የምትዘል ልጅ ደግሞ ቁርጭምጭሚቷ ይዞራል። ቅልብልቦሽ አምስት ጠጠርና የተጠረገች መቀመጫ ናት፤ ባጃጅ በየደቂቃው «ተነሱ» እያለ ማን ይቀልባል? ሱዚ ላስቲኩን ወጥረው የሚቆሙ ሁለት ልጆችና የምትዘል አንዲት ልጅ ይፈልጋል፤ የቅያሳችን ስፋት ዛሬ ለአንድ ባጃጅ ብቻ ነው። ድብብቆሽ መደበቂያ ይፈልጋል። ድሮ የቁልቋል አጥር ነበር፣ ሾልከን የሰው ጓሮ እንገባለን፣ ባለቤቷ ታየናለች፣ ዝም ትላለች። ዛሬ አጥሩ ግንብ ነው፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል። «ኩኩሉ» ብሎ የሚጠራ ልጅ «አልነጋም» የሚለው ጓደኛው የት ገብቶ ይመልስለት?

የኩሽኔታ ጋሪያችንንም ልንገራችሁ፣ ይኼ የደሴ ልጅ ጨዋታ ነው። ጋራዥ ደጅ ቆመን ያረጀ ኩሽኔታ እንለምናለን። ሦስት ሲሞላ ከሳንቃ ጋር በምስማር እንመታዋለን። ከዚያ ቁልቁለቱን መልቀቅ ነው። ድምፁ እስከ ታችኛው ሰፈር ይሰማል። ፍሬኑ የጫማችን ሶል ስለነበረ እናቶቻችን ጨርሰው አይወዱትም ነበር። ዛሬ ያ ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች መኪና ነው፣ ልጅ ይልቀቅበት አልልም። ግን የወሰድነውን በምን ተካነው?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል የተሸጎጠች ከተማ ናት። ደልዳላ መሬት እንደ ወርቅ ነው። የካልሲ ኳሳችን ካመለጠች ቁልቁል ወደ ቦርከና ወንዝ ነበር የምትወርደው፤ ሕጋችን ደግሞ «የመታ ያመጣል» ነው። አንዳንዱ ሊያመጣ ወርዶ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ አንዲት ደልዳላ ቦታ ስትገኝ መጀመሪያ የሚደርስባት ባለ ሱቁ ነው፣ ሁለተኛ ባለ መኪናው። ልጅ ሰልፉ ውስጥም የለም።

ልጅ ሆነን በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ስንሄድ ቅናት ይገድለን ነበር። ሜዳ ነው! ኳስ ብትመታ የትም አትሄድም። እዚያም ዛሬ ያው ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ የምቃወም እንዳይመስላችሁ፤ ለስንቱ ወጣት እንጀራ የሆነ ነገር ነው። ግን የአክስቴ የልጅ ልጆች ዛሬ ኳስ የሚጫወቱት የጅቡቲ ከባድ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር ነው። አክስቴ ኳስ ስትነጥር በሰማች ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች። ለፋብሪካ የሚሆን ያን ሁሉ ሰፊ መሬት ማግኘት የቻለ አገር ለልጅ አንድ ኳስ የምትንከባለልበት መሬት አጣሁ ካለ፣ አላጣም። አላሰበበትም።

«ስታዲየም አለ» ያለም ነበር ስብሰባው ላይ። ለ9 ዓመት ልጅ? ስታዲየም በር አለው፣ በሩ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ሰው አለው። የልጅ ሜዳ የእናት ድምፅ በሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ማታ «ና ግባ!» ስትል ልጁ ካልሰማ ያ ሜዳ የሱ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ልጆች ባይወስን ይሻላል።

ኮብልስቶን ይነቀል እያልኩም አይደለም። የክረምቱን ጭቃ አስቀርቶልናል፣ ስንት ወጣትም እንጀራ በልቶበታል። አንዲት ሜዳ ትቅርልን ነው የምለው። አንዲት።

ልጆቹ መጫወት እንደማይፈልጉ አሁንም የሚያምን ካለ መብራት የጠፋ ቀን ይምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፣ የስልኮቹም ባትሪ አለቀ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። መጀመሪያ አንድ በር ተከፈተ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ቅያሳው ሙሉ ልጅ ሆነ። ጨለማ ውስጥ አባሮሽ ጀመሩ። ማንም አላስተማራቸውም። ማን ከማን ጋር እንደሚሆን፣ የት ድረስ መሮጥ እንደሚፈቀድ፣ «ተነክተሃል» «አልተነካሁም» ብለው የሚጣሉበት መንገድ ሁሉ የኛው ነበር። እንደ ጥላ ሲሯሯጡ ሰፈሩ ድምፅ አወጣ። መብራቱ ሲመጣ እልል አሉና ተበተኑ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ትንሽ ቢዘገይ ብዬ ተመኘሁ፤ መብራት የተመኘ እንጂ ጨለማ የተመኘ ሰው አላውቅም ነበር።

የዚህቺን ሜዳ ነገር ደግሞ ሌላም ሰው ያስታውሰዋል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ከጦርነቱ ስትወጣ ከተሰደድንበት ተመለስን። የሱቆች በር ተገንጥሏል። ሰው ሰላም ሲባባል እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሜዳዋ በኩል ጩኸት ሰማን። ደንግጠን ወጣን። ልጆች ናቸው። ካልሲ ውስጥ ፌስታል ጠቅጥቀው ኳስ ሠርተው ይጫወታሉ፣ «ጎል ነው!» «አይደለም!» ይጨቃጨቃሉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ አየቻቸውና «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገና አገራችን ገባን» አለች። ሱቅና መኪና ማቆሚያ ሊሠራባት የታሰበው እዚህች ላይ ነው።

አይጠየፍ ማለት ስሙ እንደሚናገረው ማንንም አይንቅም ማለት ነው። የኛ ሜዳም እንደዚያ ነበረች። የነጋዴው ልጅ፣ የሊስትሮው ልጅ፣ የአስተማሪው ልጅ አንድ ቡድን ውስጥ ነን። በረመዳን ጨዋታው የሚቆመው አዛን ሲል ነው፣ ክርስቲያኖቹም አብረውን ገብተው ሾርባና ሳምቡሳ ይበላሉ። ለቡሄ ደግሞ እኛም ዱላ ይዘን ሆያ ሆዬ እንላለን፣ ሙልሙሉን እኩል እንካፈላለን። «ተከባበሩ» ብሎ ሰብስቦ ያስተማረን ሰው አልነበረም። አንድ ኳስ ነበረችን፣ ኳሷን ለመምታት ሁሉም ያስፈልግ ነበር። ይህን ዛሬ በስልጠናና በአበል ልናመጣው እየሞከርን ነው።

ሕግ ለሚወዱትም ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። የሚጫወትበት ቦታ በሌለበት ይህ መብት የት ላይ ይቁም?

ቀጣዩ ስብሰባ በሚመጣው ቅዳሜ ነው ተብሏል። የሜዳዋ ግማሽ እንኳ ሳይታጠር እንዲቀር እንጠይቃለን። ሱቁን በዚያኛው ግማሽ ይሥሩት፣ አንከለክልም። የጠየቁት እናት እንደሚመጡ ነግረውኛል። ሰፈራችን ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ከመድረኩ የሚቀመጡት ፊት ለፊት ያስቀምጧቸውና «አትፈልጉትም አይደል?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቋቸው። እኔ የእህቴን ልጅ ይዤ እመጣለሁ። የቀሩት 22 ብዮች ኪሱ ውስጥ ናቸው፣ ሲተኛም አያወጣቸውም። ትናንት ወደ ሜዳዋ ወስጄው ነበር። ተረከዙን ተክሎ አንዴ ተሽከረከረ፣ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ጠረገ።