በቅሎ የከለከለ፣ ቤንዚን የፈቀደ ማዕቀብ

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የታሪክ ምሁር፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረው በሙሶሊኒ ላይ ያለመጨከናቸው ለመጪው የዓለም ጦርነት «ጊዜ ለመግዛት የተወሰደ አስተዋይ ውሳኔ» እንደነበረ ሲያስረዱ ሰማሁ። አወያዩ አንድም ጥያቄ ሳያነሣ አለፋቸው። ጊዜው በማን ደም እንደተገዛ ለዛሬ ልተወውና ሒሳቡን ብቻ ልጠይቅ፤ ገዢዎቹ ምን አተረፉ?

ምሁሩ የተመረኮዙት ክርክር አሜሪካ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ የጣለው የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስላልነበረች ማዕቀቡ ላይ ነዳጅን መጨመር ዋጋ አልነበረውም የሚል ነው። ከጦርነቱ በፊት ለጣሊያን ብዙውን ነዳጅ ይሸጡ ከነበሩት መካከል ሩማኒያና ሶቪየት ኅብረት የማኅበሩ አባላት እንደነበሩ ግን አላነሡም። የማኅበሩ ባለሙያዎችም በየካቲት 1928 አሜሪካ ሽያጯን ከወትሮው መጠን ካላሳለፈች ክልከላው በሦስት ወር ተኩል ገደማ እንደሚሠራ አስታውቀዋል። ሙሶሊኒ ራሱ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር ኋላ ለሂትለር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል። ወራሪው ያመነውን ድካም ተመራማሪው የሚክዱለት ለምንድን ነው?

ከኅዳር 8 ቀን 1928 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውን የማዕቀብ ዝርዝር አንድ ጊዜ ማንበብ በቂ ነው። ለጣሊያን እንዳይሸጡ ከተከለከሉት መካከል ጎማ፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ይገኛሉ፤ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ግን የሉበትም። (በቅሎ ለተራራ ጦርነት እንደምትጠቅም ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን በቅሎ አትበርም።) ከምጽዋ ወደ አስመራ ዳገቱን የሚወጣው ካሚዮን በቤንዚን ይሄድ ነበር። በታኅሣሥ ወር በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ በርሜል የጣሉት አውሮፕላኖችም የበረሩት በቤንዚን ነው፤ በርሜሎቹ መሬት ሲነኩ እየፈነዱ የረጩት ፈሳሽ የወታደሩን እጅ፣ እግርና ፊት ላጠው። ሠራዊቱና ስንቁ ከጣሊያን የመጡት ደግሞ በእንግሊዝ ዘብ ዐይን ሥር የስዊዝን ቦይ የመተላለፊያ ሒሳብ እየከፈሉ ነበር።

ከጣሊያን ጋር ጦርነት ቢነሣ የእንግሊዝ መርከቦች በቂ የጸረ አውሮፕላን ጥይት እንዳልነበራቸው እቀበላለሁ። ጥይት የሌለው ግን ቢያንስ ቤንዚን አይሸጥም።

ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመነጠል ነው የተባለውም ሰበብ ከዚህ የባሰ ነው፤ የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫልና የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆር የአገራችንን ግማሽ ሊያስረክቡት ተዋውለው፣ ምስጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ ሆር ሥልጣኑን ለቅቆ፣ ዓመት ሳይሞላ ያው ሙሶሊኒ የሮምና የበርሊን ዘንግ ተመሠረተ ብሎ አወጀ። ጊዜ የገዛውስ ማን እንደሆነ የቀን መቁጠሪያው ይናገራል። የካቲት 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ሆርን የተካው ኤደን የነዳጁን ክልከላ እንደሚደግፍ ሲገልጽ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፍላንዳን ትንሽ እንቆይ አለ፤ በአምስተኛው ቀን ሂትለር ወታደሩን ጦር እንዳይገባበት በውል ወደተከለከለው የጀርመን ምዕራባዊ ክፍል፣ ወደ ራይንላንድ፣ አስገባና የነዳጁ ነገር በዚያው ተረሳ።

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ አቤቱታቸውን አሰምተው ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለጣሊያን በቅሎ መሸጥም ተፈቀደ።