የወርቅ ማዕድን ፈንድ ወርቅ አይደለም

ጋሼ፣ አሜሪካ ላለው ልጅዎ «የወርቅ ማዕድን ኩባንያዎች ፈንድ መግዛት ወርቅ ገዝቶ እንደማስቀመጥ ነው» ብለው መምከርዎን ጽፈዋል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ስህተት ነው። ፈንዱ ከብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ የኩባንያዎቹን አክሲዮን ይገዛል እንጂ ወርቅ ገዝቶ አያስቀምጥም።

ደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ ገዝቶ ጎተራ መክተትና ከአንድ ገበሬ ጋር በእኩል ማሳረስ አንድ ነው? የጎተራው ጤፍ ዋጋው ብቻ ነው የሚያሳስብዎት፤ ጤፍ እንደሆነ አይነቅዝም። የእኩል እርሻው ግን ማዳበሪያ አለበት፣ በረዶ አለበት፣ የአራሹ ስንፍናም አለበት። ፈንዱ የእኩል እርሻው ነው።

ሂሳቡን ይዩት። አንድ ኩባንያ አንድ አውንስ (31.1 ግራም) ለማውጣት 1,500 ዶላር አውጥቶ በ2,000 ቢሸጥ 500 ያተርፋል። ወርቁ 10 በመቶ ወርዶ 1,800 ቢገባ ትርፉ 300 ነው፤ 40 በመቶ ተቆረጠ። የወርቁ ዋጋ ሲጨምርም ትርፉ እንደዚያው ይፈጥናል፣ ሰውን የሚያስጎመጀውም ይኸው ነው።

ታይቷልም። እ.ኤ.አ. በ2013 ወርቅ ከሩብ በላይ ሲወርድ የትልልቅ አምራቾች አክሲዮን ዋጋ በግማሽ ገደማ ወደቀ። በዚያው ዓመት የካናዳው ወርቅ አምራች ባሪክ ጎልድ በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ላይ የጀመረውን የፓስኩዋ ላማ የወርቅ ማዕድን ግንባታ አቆመ። ወርቁ ግን እስካሁን ከመሬት ስር እንዳለ ነው።

ፈንዱ ገንዘቡን በብዙ ኩባንያዎች ስለሚበትን አንዱ ማዕድን ቢበላሽ ያስታግሳል፤ የወርቅ ዋጋ ሲወርድ ግን አብረው ይወርዳሉ። የአስተዳዳሪው ክፍያ ደግሞ በኪሳራ ዓመትም አይቀርም።

ልጅዎ ወርቁን ራሱን ከፈለገ፣ ወርቅ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ፈንድ ለብቻው አለ። ስማቸው ስለሚመሳሰል መግለጫው ላይ ፈንዱ የሚገዛው ወርቁን ራሱን ይሁን የማዕድን ኩባንያዎችን አክሲዮን ያይ።