አስተርጓሚ ተመደበልኝ!

አሁን ከፓረንትስ ኢቭኒንግ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ወላጅ ከልጁ መምህራን ጋር ከሚገናኝበት ምሽት፣ መግባቴ ነው። ኮቴን እንኳ አላወለቅሁም። ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ተራችን ደርሶ የእንግሊዝኛ መምህሩ ፊት ተቀመጥን። ለአንድ ትምህርት አምስት ደቂቃ ነች፣ ከዚያ ደወል። ልጅ እግር ነው፤ የድሮ ተማሪዎቼ በዕድሜ ይበልጡታል። «ንባቡ ጥሩ ነው፣ ትንታኔው ግን አይዳብርም» አለኝ። እሺ፣ የሚጎድለው የቱ ጋ ነው? ጥቅስ አመራረጡ ላይ ነው ወይስ ከመረጠ በኋላ የሚለው ያጣል? ብዬ፣ ደሴ ላይ ስንቱን ሰው ባደረግሁበት እንግሊዝኛ፣ ረጋ ብዬ ጠየቅሁት። ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ታውቋታላችሁ፤ የጂፒያችን፣ የሰፈር ሐኪማችን፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችውም ሴትዮ አለቻት። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ «ለእናትህ ትተረጉምላታለህ?» አይለውም!

ልጄ! አማርኛው «ራበኝ» ላይ ያበቃው ልጄ! ላብ በላብ ሆኖ፣ «እማዬ... እሱ ይላል... አንተ ጎበዝ ነህ» አለኝ። አንተ! የገዛ እናቱን! ልሳቅ ላልቅስ?

የእናንተው ሳሙኤል ጆንሰን፣ በ1755 መዝገበ ቃላቱን ያወጣላችሁ ሰውዬ፣ በ1759 ልብ ወለድ ሲጽፍ ባለታሪኩን የማን አገር ልዑል አደረገው? የአቢሲኒያ! ገና በ1735 የፖርቱጋሉን ሚሲዮናዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ የመለሰውስ እሱ አይደለም? ልለው ነበር። ግን መልስ የሚመጣልኝ ሁሌም አውቶቡስ ላይ ነው።

ደግሞ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው፣ ታውቃላችሁ። እዚያ ግጥም የወደደ ወንድ አለቀለት። ባለፈው ተርም ልጄ ክፍል ውስጥ የሌዲ ማክቤዝን፣ በሼክስፒር «ማክቤዝ» ቴአትር ያለችውን የማክቤዝን ሚስት፣ ቃል እንዲያነብ ተደረገ። አሳምሮ አነበበ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ሌዲ» ሆኖ ቀረ። ያ መምህር ያኔ አንዲት ነገር ቢላቸው ምን ነበረበት? በሼክስፒር ዘመን ሴት መድረክ ላይ አትወጣም፣ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ ቢላቸው? ዝም! አሁን ልጁ ግጥሙን የሚያጠናው በር ዘግቶ ነው፤ ሲጋራ የሚያጨስ ይመስል።

የጂሲኤስኢ፣ በ16 ዓመት ግድም የሚፈተኑት ፈተና፣ ጥናቱስ ቢሆን! ቋንቋው ለብቻ ፈተና፣ ሥነ ጽሑፉ ለብቻ ፈተና። መጽሐፍ ይዞ መግባት የለም። 15 ግጥም በቃል፣ ቴአትሩ በቃል፣ የቪክቶሪያ ዘመኑ ልብ ወለድ በቃል። የቄስ ትምህርት ቤት ሸምደዳ ነው ብለው የሚስቁብን እነሱ! ማክቤዝ ይግባው ብዬ የጸጋዬን ትርጉም ጮክ ብዬ ባነብለት፣ «ደስ ይላል፣ ግን ማርክ የለውም» አለኝ። ንግግሩ እንደ ቢቢሲ ነው፤ የንግግር ፈተና ግን ለብቻው ተጽፎ ይቀመጣል እንጂ ከውጤቱ ላይ አይደመርም። ውጤቱ ደግሞ ከ9 እስከ 1 ነው። ለእህቴ ስልክ ደውዬ «4 ካመጣ አልፏል» ብላት «ከስንት? ከ100?» ብላ ልትቀመጥ ነበር ለቅሶ። ከ4 በታች ከሆነማ እስከ 18 ዓመቱ ኮሌጅም ገብቶ እንግሊዝኛው ይከተለዋል።

ተዉት፣ ደከመኝ። አባትየው «ነይ ብዪ፣ ራትሽ ቀዘቀዘ» እያለ ነው፤ እሱ ምን አለበት፣ ፓረንትስ ኢቭኒንግ በመጣ ቁጥር ሺፍት አለው!

ለካ ዋናውን አልነገርኳችሁም። ስንወጣ በር ላይ ያለችው ልጅ እኔን ብቻ መርጣ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ለወላጆች የጀማሪ እንግሊዝኛ ኮርስ፣ ነፃ፣ ሻይ አለው። አውቶቡስ ላይ ሳነበው፣ «የወላጆች» በሚለው የእንግሊዝኛ ርዕስ ላይ አፖስትሮፊዋ፣ «የ»ን የምትተካው ጭረት፣ የለችም። ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ አርሜዋለሁ፤ ነገ በአስተርጓሚዬ እጅ እልክላቸዋለሁ።