አልጋ ከመያዛችን በፊት የተጨቃጨቅነው

ቅዳሜ ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ ስር ያለችው ጀበና ቡና ጋ ተሰብስበን ነበር፣ እቁብ የምንጥል ሰዎች። ለታኅሣሥ ገብርኤል ሀዋሳ ደርሰን እንምጣ ተባለና ሁሉም እሺ አለ። የፈጣን መንገዱ መግቢያ ሰፈራችን ነው፣ ሞጆ ላይ ታጥፈን በመቂ በባቱ አድርገን ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሱ ማንም አልተከራከረም። ጭቅጭቁ የተነሳው የት እንደር ሲባል ነው።

ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ወዲያው ስልኩን አወጣና ቲክቶክ ላይ ያየውን አሳየን፣ ሀይቁ ዳር ነው፣ ዋና ገንዳ አለው፣ ማታ መብራቱ ውሀው ላይ ይወርዳል፣ እውነት ለመናገር ያምራል። "በቃ ሪዞርት እንግባ፣ ምግቡም ዋናውም ሙዚቃውም እዛው ነው፣ ምን ያንከራትተናል? በአመት አንዴ ነው የምንወጣው" አለ።

ሲኖ የሚነዳው ጋሼ ፍንጃሉን አስቀመጠ። "ልጄ፣ እኔ በዚች አገር ያላደርኩበት ከተማ የለም። ፎቶ አይቼ አልጋ ይዤ አላውቅም። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግቢውን ነው የማየው፣ የመስሪያ ቤት የፊልድ መኪና ተደርድሮ ካየሁ እገባለሁ። የፊልድ ሹፌር በየሳምንቱ ነው የሚመላለሰው፣ ውሀ የሌለበት ወይ እቃ የሚጠፋበት ቤት ሁለተኛ አይመለስም። ደሞ አልጋ ለሊት ነው፣ ቀኑን ከተማው ውስጥ ነህ፣ ጠዋት አሞራ ገደል ወርደህ አሳህን ትበላለህ..." ሲል አንዷ "ጋሼ ጾም ነው እኮ" አለችውና አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለው ተነስቶ አንድ ጀበና ሙሉ ጨረሰብን፣ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ነገሩ የመለሰችን ባንክ የምትሰራዋ ናት። የቲክቶኩን ቪዲዮ ተቀብላ አየችና "ዋጋው 2000 ብር የሚለው ከነቫቱ ነው?" አለችው። ልጁ አላወቀም። እዛው አሰላችው፣ ሰርቪስ 10 ፐርሰንት ሲጨመር 2200፣ በሱ ላይ ቫት 15 ፐርሰንት ሲመጣ 2530። ሦስት ሌሊት ሲሆን ልዩነቱ 1590 ብር ነው ለአንድ ክፍል። "ደውለህ የምከፍለው የመጨረሻው ስንት ነው በል፣ ደሞ ለንግስ ቀን ዋጋው ይኸው ነው ወይ በል" አለችው። ለገብርኤል ሀዋሳ አልጋ ይጠፋል፣ ለጥምቀት ጎንደር፣ ለቁልቢ ድሬዳዋ እንደሚጠፋው ማለት ነው፣ በአዘቦት ቀን የተቀረጸ ቪዲዮ ስለዛ ቀን ምንም አይነግርህም።

ከዛ ለስራ ክፍለ ሀገር ስትሄድ የምታደርገውን ነገረችን፣ እኔ እሱን ነው ያልረሳሁት። ሳትከፍል ክፍሉን አሳዩኝ ትላለች። ስትገባ መጀመሪያ ሻወሩን ትከፍተውና ክፍት ትተወዋለች፣ ውሀው እስኪሞቅ ትራሱን ገልብጣ ታሸተዋለች፣ ቁልፉን ከውስጥ ሁለቴ ታዞረዋለች፣ መቀርቀሪያ ከሌለው ሌላ ክፍል ትጠይቃለች፣ ሀዋሳ ወባ ስላለ አጎበሩን ዘርግታ ቀዳዳ ታያለች፣ ከዛ መስኮቱን ከፍታ ወደ ታች ታያለች። ጀነሬተሩ የት ነው? ከስር ምንድነው ያለው? "ውሀው ካልሞቀ 'ማታ ይመጣል' ይሉሻል፣ እሺ ብለሽ እንዳትከፍይ" አለችን።

የማታው ጉዳይ ሌላ ጦርነት ነበር። ልጁ "ዲጄ ያለው ላውንጅ እንግባ" አለ፣ ጋሼ "ለንግስ ሄደህ ላውንጅ?" ብሎ ተቆጣ፣ ግን እሱም የባህል ቤት ቢገኝ፣ ማሲንቆ ያለበት፣ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ መስማት አይጠላም። እሷ ግን ምን አይነት ቤት ይሁን የሚለው ውስጥ ጭራሽ አልገባችም። "የትም ግቡ፣ እኔ የምጠይቀው በምን እንመለሳለን ነው። ባጃጁ በስንት ሰዓት ይገባል? ሪሴፕሽኑ የሚያውቀው ሹፌር አለ? ደሞ ሳታዙ ሜኑ አምጡ በሉ፣ ዋጋ የሌለው ሜኑ ካመጡ ተነሱ።" ልጁ "አንቺ መዝናናት አትችይም" አላት። እሷም "የምዝናናው መመለሻዬን ሳውቅ ነው" አለችው፣ ሳትቆጣ።

እኔ እስከዚህ ድረስ ብዙም አልተናገርኩም ነበር። ከሦስት አመት በፊት እናቴን ለዚሁ ለታኅሣሥ ገብርኤል ሀዋሳ ወስጃት ነበር። አልጋውን የያዝኩት በፎቶ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ነጭ አንሶላ፣ ወደ ቤተክርስቲያኑም ቅርብ። ከስሩ ጭፈራ ቤት እንዳለ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረ። ቤዙ የመስታወት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ያንቀሳቅሰው ነበር። ሪሴፕሽን ወርጄ ብለምን ሌላ ክፍል የለም አሉኝ፣ ለንግስ ሞልቷል። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ "ይሁን ልጄ፣ ምን ታደርጋለህ" ትለኛለች፣ ሀሳቧ አስር ሰዓት ተነስታ ማህሌት መቆም ነበር። ሙዚቃው ዘጠኝ ተኩል ላይ ቆመ፣ ያኔ ጋደም አለች፣ ልቀሰቅሳት አልቻልኩም። ማህሌቱ አመለጣት። ታቦቱ ሲወጣ ደረስን ግን ትከሻዬን ተደግፋ ነው ያየችው፣ እልልታውም አልወጣላት።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ከባንኳ ልጅ ጋር ነው፣ ሙሉ በሙሉ። ሪዞርት መጥፎ ነው አላልኩም፣ ኃይሌ ሪዞርቱን ሲጀምር ከሀዋሳ ነው የጀመረው፣ ሀይቁ ዳር ማደር ደስ ይላል፣ አቅሙ ያለውና ለእረፍት ብቻ የሚሄድ ሰው ይግባበት። የጋሼም የፊልድ መኪና ምልክት እውነት ነው፣ ውሀውንና ጥበቃውን ይነግርሃል፣ ድምጹን ግን አይነግርህም፣ ሹፌር ደክሞት ነው የሚገባው ቦምብ ቢፈነዳም ይተኛል። ለንግስ የሚሄድ ሰው ግን የሚገዛው እንቅልፍ ነው። ጭፈራው ሌላ ቦታ ይሁን፣ ማደሪያው ሌላ ቦታ፣ በመሀላቸው ያለውን መንገድ ማታ በምን እንደምንሻገረው ደግሞ ከመውጣታችን በፊት ይታወቅ።

እዛው ቁጭ ብለን ለሦስት ቤት ደወልን። ሁለቱ "ከስራችሁ ምሽት ቤት አለ?" ስንላቸው ወሬ ቀየሩ። ሦስተኛዋ ሴትዮ "ከኋላ ግቢ አስገባችኋለሁ፣ ዛፍ አለ፣ ጉሬዛ ጠዋት ይቀሰቅሳችኋል እንጂ ሌላ ድምጽ የለም፣ ዋጋው ከነቫቱ ነው" አለችን። አራት ክፍል ያዝን። ዘንድሮ እናቴም አብራን ትሄዳለች።