ሳይተካ ለሄደ ልጅ

ወጣት ሲሞት በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የማይቀር አንድ ቃል አለ። «ሳይተካ!» ትላለች እናት ደረቷን እየደቃች። ልጅ ሳይወልድ፣ ስሙን የሚያስጠራለት ሳይኖር ሄደ ማለቷ ነው።

ሰሞኑን ይህን ቃል ያስታወሰኝ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ነበር። ሲያርፍ በስሙ መታሰቢያ ስኮላርሺፕ ቆመለት። ገንዘቡ የሚሰጠው እንደ እሱ አካባቢውን ለሚያገለግል ተማሪ ነው። ወሬው ይኸው ነው፣ አጭር። እኔ ግን ሳነበው «ተካ» አልኩ።

እዚያ አገር እሳት አጥፊ ሁሉ ደመወዝተኛ እንዳይመስላችሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀን ጋራዥ ወይም ሱቅ ይውላሉ፤ ጥሪ ሲመጣ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። ነገሩ የቆየ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1736 ፊላደልፊያ ላይ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ የእሳት ማጥፊያ ማኅበር አቋቋመ። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና የተረፈ ዕቃ ማውጫ ከረጢት ቤቱ ማስቀመጥ ነበረበት። ከወርኃዊ ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። በቅጣቱ ገንዘብ መሰላልና ሌላ መሣሪያ ይገዛል። እድር በሉት እንጂ!

በእኔ ሰፈር «በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ» ተብሎ የሚጠራ ሰው የለም። የሚሮጠው ልጅ ግን አለ።

አንድ ሌሊት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ መደዳ ሱቅ ላይ እሳት ተነሳ። መጀመሪያ ውሾቹ ጮኹ። ቀጥሎ «ኧረ የሰው ያለህ! ተቃጠልን!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ቆርቆሮው እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሐይቁ አፍንጫችን ሥር ተኝቷል፤ እኛ ባዶ ጄሪካን ይዘን እንተራመሳለን። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ለካ ለእኛ ነው።

የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ነገሩን የያዘው አንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኛ በየቤቱ የተረፈችውን ውኃ ይዘን ልንረጭ ስንንደረደር «ቆጣሪውን አጥፉ መጀመሪያ!» ብሎ ጮኸ። መብራቱ እንዳልተቋረጠ ልብ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ዞር አለና ጋቢዬን ከትከሻዬ ላይ ሳብ አድርጎ ወሰደው። ባልዲ ውስጥ ነከረው። ተከናነበና ምግብ ቤቷ ውስጥ ገባ። ሲወጣ የጋዝ ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቅፎታል። እግሩ ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው፣ ያውም አንዱ ብቻ። ሌላውን የጋለ ቆርቆሮ ላይ ጥሎት መጥቷል። የውስጥ እግሩ ቆዳ ተልጦ አየሁት።

ጋቢዬ አልተመለሰም። አልጠየቅኩም።

በነጋታው ሰፈሩ ወሬው ሁሉ እሳቱ ነበር። ስንት ብር ወደመ፣ ሱቁ የማን ነው፣ ኢንሹራንስ አለው ወይ። የልጁን ስም የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም። እኔም ሳልጠይቅ ነው ወደ ሥራዬ የሄድኩት።

እንደዚህ የረሳናቸው ብዙ ናቸው። በ2010 ዓ.ም ገደማ ጣናን የወረረውን የእምቦጭ አረም በእጃቸው ለመንቀል ከየከተማው የጎረፉትን ወጣቶች አስታውሱ። ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ሲጎትቱ ይውሉ ነበር። በየክረምቱ የአረጋውያንን ጣራ የሚጠግኑት፣ ደም የሚለግሱትም አሉ። የቡድን ፎቶ እንለጥፍላቸዋለን፣ እናጨበጭባለን፣ እንበተናለን።

ከእነዚህ አንዱ ቢሞትስ? ሥርዓታችን ይታወቃል። ፌስቡክ ላይ የሻማ ፎቶ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። የአንድ ሰሞን እንባ። ከዚያ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ። ተዝካርን አልቃወምም፤ እናት ያለ እሱ አይወጣላትም። ግን የሙት ዓመቱ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ የልጁ ስም የት ይሄዳል? እናቱ ጓዳ ውስጥ ይቀራል።

እኔ የምለው፣ በስሙ አንድ ልጅ ይማር። ሐውልት አያስፈልግም። ለሀብታምና ለዳያስፖራ ብቻ የሚተው ነገርም አይደለም። 300 አባወራ ያለው እድር በወር 20 ብር ቢጨምር በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ሃያ ብር ዛሬ ምን ትገዛለች?

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በወጪ መጋራት ነው፤ ተመርቆ ሲሠራ ይከፍላል፣ ስኮላርሺፕ ለምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ልጅ ያስገባ ወላጅ መልሱን ያውቀዋል። ፎቶ ኮፒ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ላፕቶፕ አለ። በዚያ ላይ በዚህ ክልል ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ እንደራቀ እናውቃለን።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ እላለሁ። መስፈርቱ የፈተና ውጤት ከሆነ ነገሩ ተበላሸ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። ጋቢዬን የወሰደው ልጅ በዚህ ወንፊት አያልፍም። ጎበዝ ተማሪ ሌላም ሸላሚ አያጣም። ይህ ገንዘብ ግን ጎረቤቱ ሲጮህ ለሚወጣ ልጅ ነው መሆን ያለበት።

ደግሞ ዲግሪ ብቻ አይሁን። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይማር። እንጀራ ምጣድ በቀጭን ሽቦ እየጋገርን፣ በአንድ ዲቫይደር ፍሪጅና ምድጃ እየሰካን ነው የምንኖረው። በእሳት በሞተ ልጅ ስም የተማረ ሌላ ልጅ፣ የሰፈሩን ሽቦ ሲያስተካክል ይታያችሁ።

ማን ይምረጥ? እዚህ ጋ እፈራለሁ። ኮሚቴ ሲባል የአጎት ልጅ አብሮ ይመጣል። አንድ መምህር፣ አንድ የእድር ሽማግሌ፣ አንድ ከእሳት አደጋ የመጣ ሰው ይበቃሉ። አመልካቹም የምስጋና ደብዳቤ አያምጣ። የረዳቸውን ሁለት ሰዎች ስም ይናገር፣ ሄደው ይጠይቋቸው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ያን ባጃጅ ነጂ ፈልጌ አገኘሁት። ገበያ አድርሰኝ አልኩትና መንገድ ላይ ሐሳቡን ነገርኩት። እየነዳ በጥሞና ሰማኝ።

«ጥሩ ነው ጋሼ» አለ። «ግን ሳንሞት ቡት ጫማ ቢገዛልን አይሻልም?»

ሳቅን። ከዚያ እኔ ሳቄን አቆምኩ።

«ቁጥርህ ስንት ነው?» አልኩት።

«42።»